ቅጥር፣ ፐርሰንት ወይስ የወንበር ኪራይ? ለሳሎን ባለቤቶችና በራሳቸው ለሚሠሩ ባለሙያዎች የውል መምረጫ መመሪያ

በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች ባዶ ወንበር የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ በቃል ነው። ባለቤቷ «ነይ ሥሪ፣ በገንዘብ አንጣላም» ትላለች፤ ባለሙያዋ ፎኗንና ፒያስትራዋን (የፀጉር ማድረቂያዋንና ማለስለሻ መተኮሻዋን) ይዛ ትመጣለች፤ የጥር ሠርግ እስኪያልፍ ድረስም ሁለቱ ተስማምተው ይሠራሉ። ቅሬታው የሚጀምረው ዐቢይ ጾም ገብቶ ደንበኛ ሲቀንስ፣ ባለሙያዋ ቤቱን ስትለቅ ደንበኞቿ ተከትለዋት ሲሄዱ፣ ወይም ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የአንዲትን ደንበኛ የራስ ቆዳ አቃጥሎ «ማን ያሳክማት?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው። ያን ጊዜ የተስማሙት ስለ ብሩ ብቻ እንደ ነበርና አንዷ ለሌላዋ ምን እንደሆነች፣ አሠሪ ትሁን አከራይ፣ ሠራተኛ ትሁን ተከራይ፣ አንድም ቀን እንዳልተነጋገሩ ይገነዘባሉ።

እኔ ለዓመታት በሰው ቤት በፐርሰንት፣ ማለትም ከየደንበኛዋ ክፍያ ድርሻ እየወሰድኩ፣ ቀጥሎም በወንበር ኪራይ ሠርቻለሁ፤ ዛሬ በራሴ ሳሎን ወንበር አከራያለሁ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ስላየሁት፣ ይህን መመሪያ የማዘጋጀው ለባለቤቷም ለባለሙያዋም በአንድ ጊዜ ነው። ለአንዷ ብቻ የሚጠቅም ውል ከአንድ የሠርግ ወራት በላይ ሲቆይ አላየሁም።

ከዋጋው በፊት፦ ሥራውን የሚመራው ማን ነው?

ብዙ ሰው ንጽጽሩን የሚጀምረው «የትኛው ይበልጥ ያስገኛል?» ከሚለው ጥያቄ ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እርሱም በዚያ ወንበር ላይ የሚሠራውን ሥራ ማን እንደሚያዝዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ተመሠረተ የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሲስማማ ነው። ይኸው አዋጅ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ያደርገዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መስመር የሚሰመረው በወረቀቱ ርእስ ሳይሆን በየዕለቱ አሠራር ነው። «የኪራይ ውል» የሚል ርእስ የተጻፈበት ሰነድ ተይዞ ባለሙያዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንድትገባ፣ ያለ ፈቃድ እንዳትወጣ፣ በሳሎኑ የዋጋ ዝርዝር ብቻ እንድታስከፍልና ገንዘቡን ለሳሎኑ ካሸር እንድታስረክብ ከተደረገ፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ «ተከራይ ነበረች» ብሎ ማስረዳት ለባለቤቷ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባለሙያዋ ሠራተኛ ከሆነች በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አላት፤ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርላታል። ብትወልድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት አሠሪዋ ከደመወዟ 11 በመቶ፣ እርሷ ደግሞ 7 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። የሥራ ግብርም ከደመወዟ ተቀንሶ ገቢ ይሆናል። የጽሑፍ ውል ከሌለ እንኳ አሠሪዋ በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ የመስጠት ግዴታ አለባት። ተከራይ ከሆነች ግን ከእነዚህ አንዱም የለም፤ በምትኩ ያላት ነጻነቷ ነው። ስለዚህ ነጻነቱን ሳይሰጡ የሠራተኛነትን መብት መንፈግ ለባለሙያዋ ከሁለቱም ወገን መጉደል ነው፤ በእኔ እምነት በሙያችን ውስጥ ካሉት በደሎች ትልቁም ይህ ነው። ከክፋት ይልቅ ከልማድ የሚመጣ በደል መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም በደል ነው።

አማራጮቹ

የመጀመሪያው አማራጭ ግልጽ ቅጥር ነው፤ ደመወዝ ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜም ከሠራችው ላይ ትንሽ ኮሚሽን ይጨመራል። ባለቤቷ ሰዓቱን፣ ዋጋውን፣ የምርቱን ዓይነትና የአሠራሩን ደረጃ ትወስናለች። ከሥልጠና ተቋም በቅርብ ለወጣች፣ የራሷ ደንበኛ ለሌላት ልጅ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም፤ ፀጉር በቢጎዲን መጠቅለሉን ብትችልበትም ደንበኛን ማስተናገድና ዋጋ መተመን ገና የምትማረው ነገር ነውና። ለባለቤቷ ደግሞ ሳሎኑ በአንድ ስምና በአንድ ደረጃ እንዲታወቅ ከፈለገች ያለ ቅጥር ልታገኘው አትችልም።

ሁለተኛው በፐርሰንት መሥራት ነው። በከተማችን እጅግ የተለመደው ይህ ነው፤ ስለ ውሉ ምንነትም ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ውዥንብር ያለበት እርሱ ነው። ከየደንበኛዋ የተከፈለው ገንዘብ በግማሽ፣ ወይም ለአንዷ 40 ለሌላዋ 60 በመቶ ሆኖ ይከፈላል። ፐርሰንት የአከፋፈል ዘዴ እንጂ የግንኙነት ዓይነት አይደለም፤ ሠራተኛም በፐርሰንት ልትከፈል ትችላለች፣ ነጻ ባለሙያም ኪራይዋን በፐርሰንት ልትከፍል ትችላለች። ስለዚህ «እኔ እኮ ደመወዝ አልከፍላትም፣ በፐርሰንት ነው የምትሠራው» የሚለው መልስ ከሠራተኛ ሕግ አያድንም። ገንዘቡ መጀመሪያ በሳሎኑ ደረሰኝ ገብቶ ከዚያ ድርሻዋ የሚሰጣት ከሆነ፣ ምርቱም የሳሎኑ ከሆነ፣ ነገሩ ወደ ቅጥር ያጋድላል። ገንዘቡ በእርሷ እጅ፣ በራሷ ቴሌብር ወይም በራሷ የባንክ ሒሳብ ገብቶ ከዚያ የቤቱን ድርሻ የምትከፍል ከሆነ፣ ምርቱንም ራሷ የምትገዛ ከሆነ፣ ወደ ኪራይ ያጋድላል።

ሦስተኛው ቋሚ የወንበር ኪራይ ነው፤ በወር ወይም በሳምንት የተቆረጠ ገንዘብ ይከፈላል፣ ከዚያ በላይ የሠራችው ሁሉ የራሷ ነው። ጥፍር የሚሠሩ፣ ሜካፕ የሚሠሩና ሹሩባ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሳሎኑን አንድ ማእዘን ይዘው በዚህ መልክ ሲሠሩ በብዛት ይታያል። አራተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ ዝቅ ያለ ቋሚ ኪራይ ይወሰንና ትንሽ ፐርሰንት ይጨመርበታል። ከዚህ በተጨማሪ ራሱን የቻለ በር ያለው ትንሽ ክፍል መከራየት አለ፤ እርሱ ግን ተራ የንግድ ቤት ኪራይ ስለሆነ ከወንበር ኪራይ ጋር መቀላቀል የለበትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚመለከተው ስሙ እንደሚለው መኖሪያ ቤትን ነው፤ ስለዚህ በዚያ አዋጅ የተቀመጠው የኪራይ ጭማሪ ገደብ ለሳሎን ወንበርም ሆነ ክፍል ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። የጭማሪውን መጠንና ጊዜ በውላችሁ ራሳችሁ ወስኑት።

ሒሳቡን በዓመቱ ወራት ላይ ማየት

አማራጮቹን በአንድ ወር ገቢ ማወዳደር ያሳስታል፤ የእኛ ሥራ ከበዓላትና ከአጽዋማት ጋር የሚነሣና የሚወድቅ ነውና። ጥር ከገባ ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ የሠርግ ወቅት ነው፤ ለአንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ብዙ ወንበር ይያዛል። ከዚያ 55 ቀን ዐቢይ ጾም ይሆናል፤ ሠርግ የለም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት እንደ ገና ይሟሟቃል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ወዲያው እንቁጣጣሽ ይከተላል። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል። አብዛኛው ደንበኛው ሙስሊም በሆነበት ሰፈር ደግሞ ረመዳን ሥራውን ያቀዘቅዘዋል፤ ዒድ ሲቃረብ በአንድ ሳምንት ውስጥ የወር ሥራ ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እናስቀምጥ። ቋሚ ኪራይ በወር 10,000 ብር፣ ፐርሰንት ለቤቱ 40 በመቶ፣ ቅልቅሉ 5,000 ብር ከ20 በመቶ ጋር ይሁን። ባለሙያዋ በወር 25,000 ብር ካስገባች ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ለቤቱ የሚደርሰው 10,000 ብር ነው። በጥር 60,000 ብር ብታስገባ በቋሚ ኪራይ የምትከፍለው ያንኑ 10,000 ሲሆን፣ በፐርሰንት 24,000፣ በቅልቅሉ 17,000 ብር ትከፍላለች። በጾም ገቢዋ ወደ 12,000 ብር ቢወርድ በቋሚ ኪራይ 10,000 ከፍላ 2,000 ብር ይቀራታል፤ ከእርሷም ላይ ለምርት ታወጣለች። በፐርሰንት 4,800፣ በቅልቅሉ 7,400 ብር ትከፍላለች። ከዚህ የሚታየው ቋሚ ኪራይ የክረምቱንም የጾሙንም ስጋት ሙሉ በሙሉ በባለሙያዋ ትከሻ ላይ እንደሚጥል፣ የጥርን ትርፍ ግን ሙሉ በሙሉ ለእርሷ እንደሚሰጥ ነው። ፐርሰንት በተቃራኒው ስጋቱንም ትርፉንም ያካፍላል፤ ለባለቤቷ ግን የቤቱ ባለንብረት ኪራይ በጾምም በፍስክም ያው መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋታል።

ሒሳቡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የምርት ወጪ ነው። በፐርሰንት ስትሠሩ ሻምፑ፣ ትሪትመንትና ሪላክሰር የቤቱ ከሆነ 40 በመቶው ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ምርቱ የእናንተ ሆኖ 40 በመቶ ከከፈላችሁ ግን ውድ ነው። ሹሩባ ሠሪዋ ብዙ የምርት ወጪ የለባትም፤ ወጪዋ እጇና ጊዜዋ ነው። የጥፍር ባለሙያዋ ግን ጄሉንም ማሽኑንም ራሷ ስለምታመጣ ከገቢዋ ላይ በመቶኛ መክፈል በወጪዋም ላይ መክፈል ይሆንባታል፤ ለእርሷ ቋሚ ኪራይ ይሻላል እላለሁ። የራሷ ደንበኞች ያሏት፣ በሠርግ ወቅት ቀድማ የምትያዝ ፀጉር ሠሪም እንዲሁ ቋሚ ኪራይን ትምረጥ፤ የጾሙን ኪራይ ግን ከጥር ገቢዋ ላይ ለይታ ካላስቀመጠች ወይም በዕቁብ ካላጠራቀመች ውሉ በመጋቢት ያንቃታል። ደንበኞቿ ገና በመሰብሰብ ላይ ላሉ ባለሙያ ቅልቅሉ ይሻላል፤ በየስድስት ወሩም ሒሳቡን አይቶ ማስተካከል ይቻላል። አንዳንድ ባለቤቶች ቋሚውን ኪራይ እንደ ወቅቱ ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፤ በዐቢይ ጾም ሁለት ወራት ግማሽ፣ በጥርና በግንቦት ከፍ ያለ። እኔ በቤቴ የምሠራበት ይህ ነው፤ የዓመቱ ድምር ሳይቀንስብኝ በጾም ወራት ኪራይ የማሳደድ ነገር ቀርቶልኛል።

የቤት ደንብና የሥራ ትእዛዝ

ወንበር ያከራየች ባለቤት «ታዲያ በቤቴ ምንም ማለት አልችልም ማለት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ትችላለች፤ ግን ስለ ቤቱ እንጂ ስለ ሥራው አይደለም። ይህን ልዩነት መያዝ የወንበር ኪራይ ውል ዋና ጥበብ ነው።

በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት፣ የፀጉር ማጠቢያው ተራ፣ ወለል መጥረግ፣ ምላጭ ለአንድ ደንበኛ ብቻ መዋሉ፣ መቀስና ማበጠሪያ በየደንበኛው መጽዳቱ፣ ፎጣ በየጊዜው መቀየሩ፣ በሙዚቃው ድምፅ ሌላውን አለማወክ፣ ኬሚካል በተዘጋ ዕቃ ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ የቤት ደንብ ናቸው። በቤቱ ላለ ሁሉ፣ ባለቤቷን ጨምሮ፣ በእኩል የሚሠሩ መሆን አለባቸው። ንጽሕናን በተመለከተ ምንም መለሳለስ አያስፈልግም፤ በአንድ ወንበር ላይ የተፈጠረ የቆዳ በሽታ የቤቱን ሁሉ ስም ያጠፋልና፣ ይህን ደንብ መጣስ ውል የሚያፈርስ ምክንያት ተደርጎ በግልጽ ቢጻፍ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል «ዛሬ ለምን አልመጣሽም?» ማለት፣ የእርሷን ዋጋ መተመን፣ የምትጠቀምበትን ምርት መወሰን፣ ያልፈለገችውን ደንበኛ እንድትሠራ ማስገደድ፣ የሳሎኑን ዩኒፎርም ማልበስና ሌላ ቦታ እንዳትሠራ መከልከል የአሠሪ ሥልጣን ነው። ይህን ሥልጣን የምትፈልግ ባለቤት ከነግዴታው ትውሰደው፤ ትቅጠራት። ባለቤቷ ራሷን የምትፈትንበት ቀላል ጥያቄ አለ፦ ይህን ደንብ ከጎኔ ሱቅ ለከፈተ ለሌላ ነጋዴ ብናገረው ተገቢ ይሆናል? «በጋራ ኮሪደራችን ላይ ቆሻሻ አትጣል» ማለት ተገቢ ነው። «ሱቅህን በ2 ሰዓት ክፈት» ማለት ግን አይገባም።

በመካከል የሚወድቁ ነገሮችም አሉ። ከመንገድ ዘው ብላ የገባች፣ ማንንም ለይታ ያልጠየቀች ደንበኛ የማን ናት? በአንዳንድ ቤት በተራ ትሰጣለች፣ በአንዳንድ ቤት ለባለቤቷ ትሰጣለች። ሁለቱም ይሆናል፤ ጥፋቱ አለመጻፉ ነው። ተከራይዋ ረዳት ይዛ ብትመጣስ? ረዳቷን የምትቆጣጠረውም የምትከፍላትም እርሷ መሆኗ፣ ቤቱ ስንት ሰው እንደሚችልና ለረዳቷ ጥፋት ማን እንደሚጠየቅ በውሉ መግባት አለበት።

በወንበር ኪራይ ውል ውስጥ መጻፍ ያለበት

የተከራየው ነገር በትክክል ይገለጽ። «አንድ ወንበር» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ከነመስተዋቱ፣ ከሁለት መደርደሪያና ከአንድ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ጋር፣ ማጠቢያውንና ሁለቱን ካስኮች (ራስ ላይ የሚደፉ የፀጉር ማድረቂያዎች) በጋራ የመጠቀም መብት ጨምሮ፣ ተብሎ ይጻፍ። በገባችበት ቀን የዕቃው ዝርዝር ከነይዞታው ተጽፎ ሁለቱ ይፈርሙበት፤ የካስኩ ክዳን አስቀድሞ ተሰንጥቆ ከነበረም ይጻፍ፤ በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይረዳል።

መብራትና ውኃ በኛ ከተማ ከኪራዩ ያላነሰ ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል ወይ? የነዳጁን ወጪ ማን ይሸፍናል? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሲያልቅ ውኃ በማስመጣቱ ማን ይከፍላል? የወር ቆጣሪ ክፍያ በወንበር ቁጥር ይከፈላል ወይስ በኪራዩ ውስጥ ተካቷል? እኔ የምመክረው በኪራዩ ውስጥ እንዲካተት ነው፤ ሙሉ ቀን ካስክ የምታሠራና ሹሩባ ብቻ የምትሠራ እኩል ሲከፍሉ ቅሬታ አይቀሬ ነውና፣ ልዩነቱን ከመጀመሪያው በኪራዩ መጠን ማስተካከል ይሻላል። ቤቱ በተከራይዋ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሙሉ ቀን ሥራ ካላሠራ ደግሞ የዚያ ቀን ኪራይ እንዲቀነስ ይጻፍ፤ የወሩ ኪራይ ለ26 የሥራ ቀን ተካፍሎ ሊታሰብ ይችላል።

ቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ ስሙ በትክክል ይጻፍ። በሰፈር ቋንቋ ሁሉንም «ቀብድ» እንላለን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት ያለው ነገር ነው። ውሉ እንዲፈጸም ቀብድ የሰጠ ሰው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ባይፈጽም ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፤ ይህም በሕጉ ቁጥር 1885 ተመልክቷል። ለዕቃ ብልሽት ወይም ላልተከፈለ ኪራይ የሚቀመጥ ገንዘብ «መያዣ» ተብሎ፣ መቼና ምን ተቀንሶ እንደሚመለስ ተጽፎ ይቀመጥ። አስቀድሞ የተከፈለ የወራት ኪራይም «ቅድሚያ ኪራይ» ይባል። ሦስቱን በአንድ ቃል መጥራት ስንት ሰው ገንዘቡን እንዳሳጣው እኔ ምስክር ነኝ። ይኸው ጥንቃቄ ሙሽሮች ለሚሰጡት ቀብድም ያስፈልጋል፤ ተከራይዋ ከሙሽራ የተቀበለችው ቀብድ የእርሷ ግዴታ እንጂ የሳሎኑ እንዳልሆነ በውሉ ይገለጽ፤ ደንበኛዋም የማንን እጅ እንደምትጨብጥ ታውቅ ዘንድ ደረሰኙ በባለሙያዋ ስም ይሁን።

የሳሎኑ ባለቤት ራሷ ብዙ ጊዜ ተከራይ መሆኗን አትርሱ። በአንድ ወቅት የስድስት ወር ኪራይ አስቀድሜ ከፍዬ በገባሁበት ሳሎን፣ ዋናዋ ተከራይ ከቤቱ ባለንብረት ጋር የነበራት ውል ሊያልቅ የቀረው ሁለት ወር ብቻ እንደ ነበር የተረዳሁት ቤቱ ሲለቀቅ ነው። ገንዘቤን ለማስመለስ ዓመት ፈጀብኝ፤ ሙሉውንም አላገኘሁም። ስለዚህ ባለሙያዋ ከመፈረሟ በፊት ዋናውን ውል ለማየት ትጠይቅ፤ የሚያልቅበትን ቀን ትመልከት፤ ከዚያ ቀን ላለፈ ጊዜ አንድም ብር አስቀድማ አትክፈል። ባለንብረቱም ወንበር መከራየቱን በጽሑፍ የፈቀደ ይሁን። ዋናው ውል ከፈረሰ ባለቤቷ ወዲያው እንድታሳውቅና ቀሪውን ቅድሚያ ኪራይና መያዣ በስንት ቀን ውስጥ እንድትመልስ ቀነ ገደብ ይቀመጥ።

ስለ ጉዳት ካሣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ልዩነቱን ቀድሞ አስቀምጦታል። በቁጥር 2130 አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ለሠራው ጥፋት በኃላፊነት ይጠየቃል፤ በቁጥር 2134 ደግሞ በሥልጣኑ ሥር ላልሆነና በሥራው ነጻነቱን ጠብቆ ለሚሠራ ሰው ጥፋት ሥራውን ያሠራው አይጠየቅም። የተቃጠለ የራስ ቆዳ ጉዳይም የሚመለሰው በዚሁ ነው፤ እንደ ሠራተኛ ስታዝዛት የኖረች ባለቤት በዚያን ቀን «ነጻ ናት» ብትል የሚሰማት አይኖርም። በውሉ ውስጥ ባለሙያዋ በራሷ ሥራ ለሚደርስ ጉዳት፣ ባለቤቷ ደግሞ በቤቱና በቤቱ ዕቃ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት፣ ለምሳሌ ከግድግዳ በወደቀ መስተዋት ወይም በተበላሸ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ኃላፊ መሆናቸው ተለይቶ ይጻፍ።

ደንበኞች የማን ናቸው የሚለው ከሁሉ የሚመረው ነጥብ ነው። በቅጥር ጊዜ ባለቤቷ የቤቱን የደንበኞች ስልክ ዝርዝር የቤቱ ንብረት አድርጋ ልትጠብቅ ትችላለች። በወንበር ኪራይ ግን ተከራይዋ ይዛቸው የመጣችውም፣ በወንበሯ ላይ ያፈራቻቸውም ደንበኞች የእርሷ ናቸው፤ ይህን የማይቀበል ባለቤት ኪራይን አይምረጥ። ተከራይዋ ከለቀቀች በኋላ «በዚህ ሰፈር እንዳትሠራ» የሚል ክልከላ በኪራይ ውል ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ነጻ ነጋዴ ናት ብሎ ኪራይ ተቀብሎ እንደ ገና እንጀራዋን መከልከል እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሳይሰርዙ አይፈርሙ።

ስለ ግብርና ንግድ ፈቃድ በአጭሩ። ደመወዝ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የሕንፃ ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ሥር ይታያሉ። ስለዚህ የመረጣችሁት የውል ዓይነት የግብር ሰነዳችሁንም ይወስናል። ወንበር ተከራይታ በራሷ የምትሠራ ባለሙያ የራሷ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የራሷ ንግድ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ የእርሷ ሽያጭ በሳሎኑ ደረሰኝ መቆረጥ የለበትም፣ ያ ገንዘብ የባለቤቷ ገቢ ሆኖ ይቆጠራልና። ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት ለወረዳችሁ ወይም ለክፍለ ከተማችሁ የንግድ ጽሕፈት ቤት አሳዩት፤ በአንድ አድራሻ ለሁለት ፈቃድ ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ መስማት ኋላ ከመመላለስ ያድናል።

መውጫው

ውል ሲጻፍ ሁለቱም ወገን ስለ መለያየት መናገር ያፍራል፤ እንደ ሟርት ይቆጠራል። ሆኖም ያለ ጭቅጭቅ የሚለያዩት ስለ መለያየት አስቀድመው የጻፉት ናቸው። የማስጠንቀቂያ ጊዜው ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ አንድ ወር ተገቢ ይመስለኛል፤ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ባለቤቷ ተከራይዋን እንዳታስለቅቅ መከልከል አለበት፤ ቀብድ የተቀበለቻቸውን ሙሽሮች የት ትሠራቸዋለች? ኪራይ በስንት ቀን ቢዘገይ ውሉ እንደሚፈርስም ይወሰን። ለመዘግየት ቅጣት ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ስለ ገደብ (የውል መቀጮ) የደነገገው ይህን ይፈቅዳል፤ መጠኑን ግን ከጉዳቱ ጋር የተመጣጠነ አድርጉት። ባለሙያዋ ብትታመም ወይም ብትወልድ ወንበሯን ለጊዜው ለሌላ ባለሙያ ማስተላለፍ ትችል እንደሆነ፣ ባለቤቷም ምትኩን የመቀበል ወይም ያለመቀበል መብቷ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ይጻፍ። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ለሌላት ተከራይ ይህ አንቀጽ ከሌላው ሁሉ ይበልጥባታል፤ ስለዚህ ባለቤቶች እንዳይነፍጓት አጥብቄ እለምናለሁ።

ሕጉ በጽሑፍ እንዲደረጉ ለሚያዝዛቸው ውሎች ቁጥር 1727 የተዋዋዮችን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። የወንበር ኪራያችሁንም በዚያው ሥርዓት ጻፉት፤ በሁለት ቅጂ ይሁን፣ በየገጹ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይኑር፣ የዕቃው ዝርዝር አባሪ ሆኖ ይያያዝ። ክርክር ቢነሣ መጀመሪያ በሁለታችሁ ስምምነት በተመረጡ ሽማግሌዎች፣ በ15 ቀን ካልተፈታ በፍርድ ቤት እንዲታይ ይጻፍ። በመጨረሻው ቀን ያንኑ የዕቃ ዝርዝር አውጥታችሁ ካስኩን፣ መስተዋቱንና መሳቢያውን አንድ በአንድ አይታችሁ፣ ቁልፉ ሲመለስ መያዣው በዚያው ሰዓት ተመልሶ፣ ሁለታችሁም ከዝርዝሩ ግርጌ ፈርሙ።